የአባት ስም የጎደላቸው ሰባት ሰዎች

ዳምጤ ጫማውን አውልቆ ገባ። ለሌላ ቤት ይሄ ወሬ አይሆንም፤ ለነሲድራ ቤት ግን ወሬ ነበር። የቀበሌው የወጣቶች ጉዳይ ሠራተኛ ዳምጤ በሰባት ዓመት ውስጥ ከደጃፉ አልፎ አያውቅም። የጽዳት ዘመቻውንም፣ የስብሰባ ጥሪውንም ውጭ ቆሞ እንደ ቆራሌው ጮሆ ነበር የሚሄደው። የዚያን ሐሙስ ጠዋት ግን የጫማውን ክር ፈታ፣ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ መቀደዱን ሲያይ አንዱን እግሩን በሌላው ሸፈነ፣ «ቤቶች!» አለና ገባ። ሻይ ቀረበለት፤ አልነካውም። ጣሪያውን አየ፣ ምንጣፉን አየ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ዙሪያውን የተደረደሩትን ትራሶች አንድ በአንድ አየና የሲድራን እናት ሸፊቃን ጠየቃት።

«ለመሆኑ እዚህ ቤት ስንት ትራስ ነው ያለ?»

«አጂብ! ሊገዙን ነው እንዴ ጋሽ ዳምጤ?» ብላ ሳቀች ሸፊቃ።

«ኧረ እንዲያው ነው። ስለሚያምሩ።»

ትራስሽ አማረ የተባለች ሴት ደግሞ ከመቁጠር አትመለስም። ልብሳቸውን በእጇ የሰፋችው እሷ ናት፤ አረንጓዴው ከአማቷ ሱቅ ከተረፈ ጨርቅ፣ ቀዩ ከራሷ የሠርግ ቀሚስ። እየዞረች ነካ ነካ አድርጋ ሃያ ሦስት ላይ ጨረሰች። «ሁለቱ እንኳ ጥጣቸው አልቋል፣ አይቆጠሩም» አለች። «ይቆጠራሉ፣ ይቆጠራሉ» አለ ዳምጤ። የቀዘቀዘውን ሻይ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠና ከጃኬቱ ኪስ ፖስታ አውጥቶ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ። «ይሄን ለወይዘሪት ሲድራ ስጡልኝ። የድጋፍ ደብዳቤዋ ነው፤ ማኅተሙ ሁሉ አለበት።» ከመጋረጃው ጀርባ ሻሿን ስትተኩስ የነበረችው ሲድራ ካውያውን እንደያዘች ቀረች። እስካለፈው ሳምንት ድረስ ዳምጤ እሷን የሚጠራት «አንቺ ቀዥቃዣ» እያለ ነበር። ወይዘሪት የሚለውን ቃል ከየት እንዳመጣው እንጃለት። ደስ አላት፤ ደስታው ውስጥ ግን ጥርስ ስር እንደምትገባ ጠጠር የሆነች ነገር ነበረች። ሰውየው ወጥቶ ሲሄድ አያቷ ሀጂ ሀዚም ከጥግ ተቀምጠው ተስቢሃቸውን እየቆጠሩ ነበር። «ትራስ ቆጥሮ የሚሄድ እንግዳ አይቼ አላውቅም» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ሸፊቃ ብርጭቆውን አነሳች፣ ሲድራ ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለች። በዚያ ቤት ከባድ ነገር ሲነገር ሁሉም እጁን በሥራ ይጠምዳል።

«ከአስር ሰዓት በፊት ነይ» አለቻት እናቷ በሩ ላይ። «ዛሬ ሐሙስ ነው።» ሐሙስ መሆኑ ለሲድራ አይነገራትም። ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ሐሙስን የማያውቅ የለም። ከሰዓት በኋላ የጎረቤቱ ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ እነዚያ ትራሶች ላይ ይቀመጣል፤ ጫቱ ይዘረጋል፣ ከቡና ገለፈት የተፈላው ቀሽር ከቴርሞስ ይቀዳል፣ ሀጂ ሀዚም መዳፋቸውን ዘርግተው የመጣውን ሰው ሁሉ በየስሙ እየጠሩ ይመርቃሉ። ወዳጃ የሚሉት ይሄ ነው። የወዳጃ ቤት በሩ አይዘጋም፤ የመጣ እንግዳም ማን ነህ፣ ከየት ነህ አይባልም። ከሀጂ ሀዚም አባት ጀምሮ እንዲህ ነው። የሲድራ አባት ጅዳ ሄዶ ድምፁ ከጠፋ በኋላ እንኳ አንድ ሐሙስ አልታጎለም።

ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሚኒባስ አስር ብር ነው። ሲድራ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጣ ፖስታውን ሦስቴ ከፈተች፣ ሦስቴ ዘጋች። «የወጣት መሪዎች ማፍለቂያ ፕሮግራም» ይላል፤ ስልጠናው ዛሬ ይጀምራል፤ ስድስት ወር፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለጨረሰ ደግሞ በየወረዳው ቋሚ ሥራ። አሥረኛ ክፍል ላይ ነጥብ ላልመጣላት ልጅ በደሴ ሁለት መንገድ ነው ያላት። አንደኛው አባቷ የጠፋበት አገር ነው፤ ደላላው ፎቶዋን ከወሰደ አራት ወር ሆኖታል። ሁለተኛው ይሄ ፖስታ ነው። ሸፊቃ ስለ ደላላው ምንም አትልም፤ የልጇን ፓስፖርት ግን ከቁም ሳጥኑ አውጥታ ዱቄት ማስቀመጫው ውስጥ ቀብራዋለች። እንዲህ ነው የምታወራው ሸፊቃ።

ከደብዳቤው ጀርባ እሷ ለዳምጤ የሰጠችው የአባላት ዝርዝር ኮፒ ተያይዞ ነበር። ሲድራ እሱን ማየት አልፈለገችም፤ አየችው። ለፕሮግራሙ የሚያመለክት ሰው ቢያንስ ሠላሳ አባላት ያሉት ክበብ እንደሚመራ በስምና በፊርማ ማሳየት ነበረበት። የሲድራ «ንቁ ወጣቶች ክበብ» አስራ አንድ አባላት ነበሩት፤ ሁለቱ ቤይሩት ናቸው፣ የቀሩት በስብሰባው ይታደል የነበረው ብስኩት ከቀረ ወዲህ አይታዩም። በት/ቤት ደጅ ስለ ያለ ዕድሜ ጋብቻ እየጮኸች፣ የሰው አባት ሱቅ ድረስ ሄዳ «ልጅዎን አይዳሩ» እያለች የምትሟገተው ብቻዋን ነበር። ይሄ ደግሞ ፎርም ላይ አይሞላም። ሪፖርት ላይ ቁጥር እንደ ሊጥ ነው፤ ኩፍ ካላለ ማንም አያየውም፤ ይሄን ያስተማራት ራሱ ዳምጤ ነው። ስለዚህ አንድ ማታ ቁጭ ብላ የሐሙስን ሰዎች ጻፈቻቸው፤ ሠላሳ አንድ ሰው። ፊርማቸውንም ፈረመችላቸው፤ ግማሹን በግራ እጇ፣ የልብስ ሰፊውን የሞላን እንደ መርፌ አድርጋ፣ ጥጥ የምትፈትለውን የከድጃን እንደ ልቃቂት። እየሳቀች ነበር የምትፈርመው። የሰባቱን የአባት ስም አታውቅም ነበርና ባዶ ተወችው። «የመሰብሰቢያ ቀንና ቦታ» ሲል «ሐሙስ፣ ሀጂ ሀዚም ቤት» አለች። «የሚነሱ ነጥቦች» ሲል ምን እንደምትል ጠፍቷት ከዳምጤ ቢሮ ግድግዳ ላይ ያነበበችው የተማረ የሚመስል ቃል ትዝ አላት፤ «ወቅታዊ ጉዳዮች» ብላ ጻፈች።

ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወርድ የደሴ ጭጋግ ከመስኮቱ ላይ ተላቀቀና ሙቀቱ ገባ። ኮምቦልቻ ስትደርስ የተኮሰችው ሻሽ አንገቷ ላይ ረጥቦ ነበር።

አዳራሹ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ የተከራዩት ቤት ነው። የሚሊኒየሙ ፖስተር አምስት ዓመት ሙሉ ከግድግዳው አልወረደም፤ ቀለሙ ለቆ የሰዎቹ ፊት ሰማያዊ ሆኗል። አርባ ወጣት በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጧል፤ ግማሹ የሚያወራው ስለ አበል ነው። አሰልጣኙ አቶ ወንድምአገኘሁ ይባላል፤ ከላይ ነው የመጣው ተብሏል፣ ከየትኛው ላይ እንደሆነ የጠየቀ ግን የለም። ሳቂታ ሰው ነው። ለሁሉም ባለቀለም ካርድ አደለና «መሪ ምንድን ነው? በአንድ ቃል!» አለ። ሰዉ ሁሉ ቆራጥ፣ ታማኝ፣ ግንባር ቀደም እያለ ጻፈ። ሲድራ አያቷ ሰው ሲያወራቸው አንገታቸውን እንዴት እንደሚያዘነብሉ ትዝ አላትና «ጆሮ» ብላ ጻፈች። ልጆቹ ሳቁ። ወንድምአገኘሁ ግን አልሳቀም፤ ካርዷን ወስዶ ከሰሌዳው መሀል ለጠፈው። «ይቺ ልጅ ገብቷታል!» አለ። ከኋላ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ግራጫ ጃኬት የለበሰ ሰው ተቀምጦ ነበር። ራሱን አላስተዋወቀም፤ ካርድም አልወሰደም። ጥቁር ባለክር ጫማው ከመጠን በላይ ተወልውሎ የጣሪያው መብራት ይታይበታል። ሲድራ ዞራ ስታየው እሱ ቀድሞ እያያት ነበር።

ሻይ ሰዓት ላይ ሳምቡሳዋን ሳትጨርስ ወንድምአገኘሁ ጠራት። ትንሽ ክፍል ነው፤ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ የተሰበረ ማራገቢያ። ጠረጴዛው ላይ ዝርዝሯ ተዘርግቷል። ሰማያዊ እስክሪብቶ ከሰባት ስም ጎን ክብ ክብ ሠርቷል። ባለ ግራጫ ጃኬቱ ሰውዬ መስኮቱ ጋ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል።

«ከአርባው ሁሉ ያስደሰተን ያንቺ ዝርዝር ነው» አለ ወንድምአገኘሁ። «የሌሎቹ አባላት በወር አንዴ ቢገናኙ ነው። ያንቺዎቹ በየሳምንቱ! ያለ አበል፣ ያለ ቅስቀሳ! እንዴት አመጣሽው?»

«ይመጣሉ። በራሳቸው ነው የሚመጡ።»

«በማን ፈቃድ?» አለ የመስኮቱ ሰውዬ፣ ሳይዞር።

ሲድራ ሳቅ አለች። ሲጨንቃት የምትስቅ ልጅ ናት፤ በዚህ ምክንያት ስንት ጊዜ ከክፍል ተባርራለች። «ለምኑ ፈቃድ?»

«ሃያ ሦስት ትራስ ላይ ሠላሳ አንድ ሰው» አለ ሰውዬው። «አይጠባችሁም?»

በመጋረጃው ክፍተት ያየችው የዳምጤ የተቀደደ ካልሲ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። እናቷ እየዞረች ትራሶቹን ነካ ነካ ስታደርግ መጣችባት። ሰውነቷ ቀዝቅዞ፣ የያዘችው ሳምቡሳ ብቻ እጇ ላይ ሞቆ ቀረ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልናገር» አለች። «እነዚህ ሰዎች የክበቡ አባል አይደሉም። የአያቴ የዱዓ እንግዶች ናቸው። ልብስ ሰፊ አለ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አሮጊት አሉ … ቁጥር ስላነሰኝ ነው የጻፍኳቸው።»

ወንድምአገኘሁ ፈገግታው ከፊቱ አልወረደም፤ ዓይኑ ግን ከፈገግታው ውስጥ ወጥቶ ሄደ። «ታዲያ ፊርማው የማን ነው?»

ሲድራ እንደ መርፌ የተሠራውን ፊርማ አየች። ያን ማታ አስቋት ነበር።

«ይሄን ሁሉ ፊርማ ማስመሰል ስንት ዓመት እንደሚያሳስር ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እኔም ባላውቅ ደስ ይለኛል» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «ስለዚህ እንደገና ልጠይቅሽ። አባላት ናቸው ወይስ አይደሉም?»

ማራገቢያው ባይዞርም የሆነ ነገር የሚዞር የሚመስል ድምፅ ነበር፤ የራሷ ጆሮ ነው። እስር ቤቱን አሰበች፤ ዱቄት ውስጥ ያለውን ፓስፖርት አሰበች። አባል ናቸው ቢባሉ ምን ይሆናሉ? ሽማግሌና አሮጊት ምን ይደረጋል? ደግሞስ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ውሸት ነው ብትል ማን ይሰማታል?

«ናቸው» አለች።

«ጎበዝ። ወቅታዊ ጉዳዮች ምንድን ናቸው?»

«እሱማ … ዝናቡ እንዲመጣ። የታመመ እንዲድን። እስር ቤት ያለ እንዲፈታ።»

«እስር ቤት ያለ እንዲፈታ» ብሎ ጻፈ ወንድምአገኘሁ፤ ዝናቡን አልጻፈውም። «እነዚህ ሰባቱ ደግሞ የአባት ስም የላቸውም።»

«አላውቀውም፣ ወላሂ። አያቴ በአንድ ስም ነው የሚጠሯቸው።»

ያኔ ነው ግራጫ ጃኬቱ የዞረው። ደህና ሰው የሚመስል ፊት ነበረው፤ የሒሳብ አስተማሪ የሚመስል። «አብሽሪ» አላት፣ አይዞሽ በሚሉበት በወሎዎቹ ቃል፤ ከእሱ አፍ ሲወጣ ግን የተከራየው ልብስ ነበር የሚመስል። «ይሟላል።» ከዝርዝሩ ሥር «ተጠሪ» ተብሎ ከተጻፈው ጎን እንድትፈርም እስክሪብቶውን ሰጣት። ፈረመች። በዚያ ወረቀት ላይ ካሉት ፊርማዎች ሁሉ እውነተኛው እሱ ብቻ ነበር።

ወደ አዳራሹ ስትመለስ ከመስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ወንድምአገኘሁ ስለ ለውጥ ሠራዊት እያስረዳ ነው። ሲድራ ለአሥር ደቂቃ ያህል ባዶውን ወንበር እያየች ተቀመጠች፤ ከዚያ ሆዷን ይዛ ወጣችና ሽንት ቤት ገብታ እናቷ ጋ ደወለች።

«እሚ፣ የዛሬው ወዳጃ ይቅር።»

«ምን?»

«ይቅር በያቸው። አባባን አመማቸው በይ።»

«አብደሻል ወላሂ! ይታይሽ እንኳ ከአሁኑ መጥታ ሽንኩርት እየላጠች ነው። ደግሞ ደህናውን ሰው አመመው የሚባል ምን ሟርት ነው?»

ከበሩ ሥር የሰው ጥላ መጥቶ ቆመ። ተራ የሚጠብቅ ሰው ሊሆን ይችላል። ሲድራ ድምፅዋን ዋጠች። «ስልክ ላይ አይባልም» አለች።

«ምኑ ነው የማይባለው?»

«ምንም። ብቻ … የማታውቁትን ሰው እንዳታስገቡ።»

«የዱዓ ቤት በር ይዘጋል እንዴ አንቺ?» አለች ሸፊቃ። ከጀርባዋ የጎረቤታቸው የይታይሽ ሳቅ ተሰማ፤ መስመሩም ተቋረጠ።

ምሳ ሰዓት ላይ ነው ያመለጠችው። የሰባ ብሩን አበል ለመቀበል የተሰለፉትን አልፋ ወጣች። ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ጠበቀ፤ ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ አንድ ሰው የሚለውን ሰባት ጊዜ ሸጠው። ሐረጎ ላይ ደግሞ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ጎማው ፈንድቶ መንገዱን ዘግቷል። ሰዉ ወርዶ በቆሎ ይገዛል፣ ይቀልዳል። ሲድራ ዳገቱን ስታይ ከላይ ያለው ጭጋግ ደሴን አንድ በአንድ፣ ቤት በቤት እየሸፈነ ነበር። አብራት የተቀመጠች ሴትዮ «ምነው ልጄ፣ ለቅሶ ነው?» አለቻት። «ኧረ ስልጠና ነው» አለች ሲድራ። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች፤ እንደ ለቅሶውም ቆጥራው ይሆናል።

ቤት ስትደርስ አስር ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጫማዎቹ ደጃፉ ላይ ነበሩ፤ የሞላ የላስቲክ ጫማ፣ የከድጃ ተረከዙ ያለቀ ነጠላ ጫማ፣ የሰፈሩ ሰው ጫማ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ። ከነሱ ትንሽ ፈንጠር ብሎ፣ አፍንጫውን ወደ ውጭ አድርጎ፣ ለመሄድ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አንድ ጥንድ ጥቁር ባለክር ጫማ ነበር። የግቢው ሰማይ ይታይበታል።

ቤቱ ሙሉ ነው። ግራጫ ጃኬቱ ከሀጂ ሀዚም ቀኝ፣ ከክብሩ ቦታ ላይ፣ ሁለት ትራስ ተደርጎለት ተቀምጧል፤ አንዱ ከእናቷ የሠርግ ቀሚስ የተሰፋው ቀዩ ነው። እግሩን አጥፎ፣ ጉልበቱ ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ፣ ጋዜጣው ላይ ጫት፣ ከጋዜጣው ሥር አንዱ እጁ። ሸፊቃ ቀሽር እየቀዳችለት ነው። ሲድራ ሰዉን እየተራመደች አያቷ ጋ ደረሰችና ጆሯቸው ላይ ጎነበሰች። «አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት።» ሀጂ ሀዚም መዳፋቸውን ዘርግተው ነበር። የተዘረጋ መዳፍ አይታጠፍም። «ዱዓው ይለቅ ልጄ» አሉና በክርናቸው ገፋ አድርገው አስቀመጧት።

ያን ጊዜ መናገር ትችል ነበር። አፏንም ከፍታ ነበር። ግን ያ ሰው ማን እንደሆነ ለመናገር መጀመሪያ ዝርዝሩን ማን እንደጻፈው መናገር ነበረባት፤ ሞላ መርፌ ሆኖ እንደተፈረመ፣ ከድጃ ልቃቂት ሆና እንደተሳለች። ሠላሳ ዓይን እያያት ነው፤ በኩራት ነው የሚያያት፣ «መሪያችን መጣች» እየተባለ። አፏ ተመልሶ ተዘጋ።

«መርሃባ» አሉ ሀጂ ሀዚም፣ ሰዉን በየስሙ መመረቅ ሲጀምሩ። «ከድጃን፣ ጉልበቷን …»

«አሚን!» አለች ሲድራ ጮክ ብላ፣ ስሙን ለመሸፈን። ሰዉ ተከተላት፤ «አሚን።»

«ሞላን፣ መርፌ የሚያይበት ዓይኑን …»

«አሚን! አሚን!»

ቤቱ ሳቀ። «ኧረ የዚች ልጅ ኢማን በአንድ ቀን ስልጠና ጨመረ!» አለች ይታይሽ፣ በነጠላዋ አፏን ይዛ። ሀጂ ሀዚምም ፈገግ አሉ። «ዱዓ አይቸኮልበትም ልጄ» አሉ። «ስም ተቆርጦ ከአላህ ዘንድ አይደርስም። ይኸው ቆርጠሽብኝ እንደገና ልጀምር ነው።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አምላክ እንዳይሳሳት ብለው፣ ሰው ከሰው እንዳይምታታበት ብለው፣ የዚያን ቀን እያንዳንዱን ስም ሙሉ አድርገው ጠሩት።

«ከድጃ ሰይድን፣ ጉልበቷን አሽርልን።»

«አሚን።»

«ሞላ ይስማውን፣ ዓይኑን አትንሳብን።»

«አሚን።»

«ይታይሽ አበጋዝን፣ ልጇን ከእስር ፍታላት።»

«አሚን» አለች ይታይሽ፤ ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፍቶ ነበር። ከጋዜጣው ሥር ያለው እጅ በየስሙ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ሲድራ ቆጠረች፤ ሌላ የምታደርገው ስላልነበራት ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሰማያዊ ክብ የተደረገባቸው ሰባቱ አንድ በአንድ አባታቸውን አገኙ። ሰባተኛው ላይ እጁ ቆመ።

«ለእንግዳችን» አሉ ሀጂ ሀዚም ወደ ቀኛቸው ዞር ብለው፣ «ስሙን አንጠይቅም፤ አንተ ታውቀዋለህ። የመጣበትን ሀጃ፣ የልቡን ጉዳይ ሙላለት።»

«አሚን!» አለ ቤቱ በሙሉ፣ ከልቡ።

«የልጄን ልጅ ሲድራን ደግሞ» አሉ፤ «መሪ አድርጋት። እሷ በሄደችበት ይሄ ሁሉ ሰው ይከተላት።»

ሲድራ አሚን ማለት አልቻለችም። ግራጫ ጃኬቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «አሚን» አለ፣ ከሁሉም ጠርቶ በሚሰማ ድምፅ፤ እስክሪብቶውንም ከደነው።